መሪውን የያዘው

አባይ በረሃን የሚያቋርጥ ሹፌር ከጎሐ ጽዮን አፋፍ፣ ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ይወርዳል። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ የወረደውን ያህል መልሶ ወደ ደጀን መውጣት አለበት። ቁልቁለቱ ፍሬን ይፈትናል፤ ዳገቱ ሞተር ይፈትናል። ይህ ታሪክ የዳገቱ ታሪክ ነው።

ደጀን ውስጥ አንድ አዛውንት ነበሩ። በ1965 ዓ.ም.፣ ጉልበታቸው ገና ሳይደክም፣ ጥሪታቸውን አሟጠው አንዲት ቶዮታ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ገዙ፤ ኤፍ ጄ 45 የምትባለዋን፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 3.9 ሊትር የቤንዚን ሞተር ያላትን። ጤፍ ጭነው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፤ ጨው፣ ሳሙናና ቆርቆሮ ጭነው ይመለሳሉ። መኪናዋ ምጥ የያዛትን ሴት በሌሊት ደብረ ማርቆስ አድርሳለች፤ ሙሽራ አጅባለች፤ አስከሬንም ተሸክማለች። የሰፈሩ ሰው ድምጿን ከሩቅ ይለየዋል። አዛውንቱ ሦስት የልጅ ልጆች ያሳደጉት ከእሷ ካሶኒ በወረደ እንጀራ ነው። ሲሞቱ የተናዘዙትም አጭር ነበር፦ «መኪናዋ አትሸጥ፤ ሦስታችሁም ብሉባት።»

ሦስቱም በሉባት። ታላቁ ወንድም የግንባታ ዕቃ ያመላልስባታል፤ መካከለኛዋ እህት እህል ትነግድባታለች፤ ታናሹ ለሁለቱም ይነዳል፣ ሲተርፈው የኪራይ ጭነት ይፈልጋል። ቤንዚን የሞላ ደረሰኙን ይዞ ይመጣል፤ ጎማ የቀየረ ሂሳቡን ያስመዘግባል። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዝዞ ማየት ግን ደረሰኝ የለውም። ታላቁ «የሚነዳው እሱ ነው፣ ያየዋል» ይላል። እህት «ወንዶቹ ያውቁበታል» ትላለች። ታናሹ ደግሞ የመኪናዋ ጌቶች እነሱ ናቸው ብሎ ተቀምጧል።

አንድ የግንቦት ቀትር ታናሹ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ጭኖ ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲወጣ ከሞተሩ ሆድ ብረት ብረትን ሲመታ ተሰማው። ጋዝ ሲቀንስ ድምፁ ይቀንሳል፤ ሲሰጥ ይብሳል። ሁለት ኩርባ እንደዞረ ሞተሩ ቀጥ አለ። ቁልፍ ቢያዞር፣ ቢገፋ፣ ምንም የለም። አንድ አይሱዙ ጎትቶ ደጀን አደረሰው።

በቀጣዩ እሑድ፣ ሰንበቴው ተቀምጦ ጠላው እየተቀዳ፣ ታላቁ ወንድም ተነስቶ ተናገረ። «አባባ ዕድሜ ልካቸውን የነዷትን መኪና ይህ ልጅ በአንድ ዳገት ገደላት» አለ። እህቲቱ «ልጅነቱ ነው» ስትል ያገዘችው መስሏት ጥፋቱን አጸናችበት። ታናሹ አቀርቅሮ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰንበቴ አልሄደም፤ ሰላምታም አሳጠረ። በከተማው ውስጥ ስሙ «መኪናዋን የገደላት» ሆነ።

በእኛ ዘንድ የጋራ ነገር ሲበላሽ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ይዞት ነበር?» ነው። የእድር ድንኳን ሲቀደድ መጨረሻ የተዋሰው ይጠየቃል። የሰፈር ቦኖ ቧንቧ ሲሰበር መጨረሻ የቀዳችው ትታማለች። ጥያቄው መልሱ ቅርብ ስለሆነ እንወደዋለን። ድንኳኑን ለዓመታት እርጥቡን እያጠፈ ያስቀመጠው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ግን የብዙ ሰው በር ያስንኳኳል፤ የራስንም በር ጭምር። እኔ ብዙ ቤተሰብ የፈረሰው፣ ብዙ ማኅበር የተበተነው በዚህ ቅርብ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ።

መኪናዋ ባሕር ዛፍ ሥር ሁለት ክረምት ቆመች። ዶሮ ጋቢናው ውስጥ እንቁላል ጣለች። ደላሎች ተመላለሱ። አንዱ ሞተሯን ጥላችሁ የናፍጣ ሞተር ግጠሙባት አለ፤ ሌላው ለመለዋወጫ እንዳለች ልውሰዳት አለ። እህቲቱ ለመሸጥ ልቧ ተነሳ። ታላቁ ኑዛዜውን ፈራ። ታናሹ ነው ዝምታውን የሰበረው። «ትሸጥም፣ ትሠራም» አለ፤ «ብቻ ከመሸጧ በፊት ትከፈት። ምን እንደገደላት ልወቅ።»

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ሸበቶ መካኒክ አለ። ድሮ ረዳት ልጅ ሳለ ከአዛውንቱ ጋር ይህችኑ መኪና ይሠራ ነበር። ተጎትታ ግቢው ስትገባ ኮፈኗን ነካ አደረጋትና አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ «ሦስታችሁም እዚሁ ካልቆማችሁ አንድ ብሎን አልፈታም።» እህቲቱ ገበያዋን ትታ መጣች፤ ታላቁም ሥራውን ለሰው አደራ ሰጥቶ መጣ።

ሞተሩ ወረደ። መካኒኩ መሬት ላይ ጆንያ አነጠፈ። የሚፈታውን ሁሉ በወጣበት ቅደም ተከተል ይደረድራል፤ ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ከሚያገናኘው ቢዬላ ጋር፣ የቫልቮላ ዘንጉን ከነቁጥሩ። ልጆቹ ዝም ብለው ያያሉ። የቫልቮላውን ክዳን ሲያነሳ ከውስጡ ያለው ዘይት ወተት የበዛበት ማኪያቶ መስሎ ተገኘ። በጣቱ ዛቅ አድርጎ አሸተተው።

«ውሃ ነው» አለ። «የራዲያተሩ ክዳን የት ሄደ?»

ታላቁ ወንድም ጉሮሮውን ጠረገ። «ጠፋ። በጨርቅ ደፍነነው ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዓመት አልፎታል፣ ጋሼ።»

መካኒኩ አልተቆጣም። ክዳኑ ውሃውን አፍኖ ግፊት እንደሚይዝ፣ የታፈነ ውሃም ቶሎ እንደማይፈላ አስረዳው። ጨርቅ ግፊት አይይዝም። ደጀን ባለችበት ከፍታ ደግሞ ክፍት ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሞተሩ በየዳገቱ በፈላ ቁጥር የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ይጣመማል፤ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይቃጠላል፤ ውሃ ሾልኮ ዘይት ውስጥ ይገባል። ቴስታታውን አውርዶ ጓርኒሲዮኑን ብርሃን ላይ ያዘው። በ3ኛውና በ4ኛው ሲሊንደር መካከል ጥቁር መንገድ ተበልቶበታል። ታላቁ ወንድም ተቀብሎ እያገላበጠ ረጅም ጊዜ አየው።

ቀጥሎ እህቲቱን ጠራት። «ነይ፣ እጅሽን አምጪ። ጥፍርሽን ከላይ ወደ ታች ጎትቺው።» ጣቷን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገባች። ከአፉ ዝቅ ብሎ ጥፍሯ እርከን ላይ ያዘ፤ ከዚያ በታች ግድግዳው ቁልቁል በጭረት ተሞልቷል። «ይህ አቧራ ነው። የአየር ማጣሪያው የት ነው?» የዚህች መኪና አየር ማጣሪያ ከሥሩ ዘይት የሚቋጥር የብረት ድስት ነበረው፤ አቧራው ዘይቱ ላይ ይቀራል። እህቲቱ ፊቷ ተለወጠ። ማሰሪያው ተሰብሮ ይንኳኳ ስለነበር አስወልቃ ቤት አስቀምጣዋለች፤ ዕቃ መስሏት ነው እንጂ የመኪናዋ አፍንጫ መሆኑን የነገራት የለም። አቧራው ሲሊንደሩን ፈጨው፤ መካኒኮች ፋሻ የሚሏቸውን የፒስተን ቀለበቶች በላ፤ ፋሻው ሲያልቅ ዘይቱ እያመለጠ ከቤንዚኑ ጋር ነደደ። «ሰማያዊ ጭስ ታወጣ አልነበር?» «ታወጣ ነበር» አለች፤ «ቤንዚኑ ነው ብዬ።»

ታናሹ ተራው እንደሆነ አውቆ ራሱ ቀረበ። መካኒኩ የ2ኛውን ቢዬላ ብሮንዝ ሰጠው። ክራንክሻፍቱን የሚያቅፈው ግራጫ ሽፋን ተልጦ አልቋል፤ ከሥሩ መዳቡ ቀልቶ ይታያል። ክራንክሻፍቱም በዚያ ቦታ ከሙቀት ሰማያዊ ሆኗል።

«የዘይት ግፊት መለኪያው ምን ይል ነበር?»

«ዳገቱ ሲጀምር ወርዶ ነበር። ጌጁ የተበላሸ መስሎኝ ነዳሁ።»

«እንግዲያው ያንተም አለበት» አለ ሰውየው። «ግን ያነሰ ዘይት፣ እሱም ውሃ የገባበት፣ አንተ ዳገቱን ሳትጀምር ነው ይህን ብረት የበላው። አንተ የደረስክበት የመጨረሻዋን ሰዓት ነው።»

ታላቁና እህቲቱ ተያዩ። ታላቁ ግን አንድ ነገር አየ። ከቴስታታው ፊት፣ የውሃው መውጫ ላይ፣ ተርሞስታት መቀመጥ ያለበት ቦታ ባዶ ነው። «ይህንንስ ማን አወጣው?» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ተስፋ ነበረበት።

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆየ። «እኔ ነኝ። በደርግ ጊዜ ነው፤ መለዋወጫ አይገኝም። ተርሞስታቱ ተጣበቀ፣ መኪናዋ ፈላች። አያታችሁ ‹አውጣው› አሉኝ፣ አወጣሁት። ተርሞስታት የሌለው ሞተር በደጋ ጧት ሳይሞቅ ይሠራል። ሳይሞቅ ሲሠራ ዘይቱ ይቆሽሻል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል። ዕቃው ሲገኝ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር። ዕቃው ተገኘ፤ እኔ ግን አልመለስኩትም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም።»

እህቲቱ አላስቻላትም። «አባባን እንኳ አትንኩብን!»

«እሳቸውን ብቻ አልነካሁም፣ ልጄ። ራሴንም ነክቻለሁ። ቆጠራው ከእሳቸውና ከእኔ ይጀምር።»

ያን ቀን ማንም ምሳ አልበላም። ማታ ግን ታላቁ ወንድም «ስንት ያስወጣል?» ብሎ ጠየቀ። የመሸጡ ወሬ በዚያው ቀረ።

ሞተር ማደስን ከውጭ የሚያይ ሰው አሮጌውን መልሶ አዲስ ማድረግ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። የተበላ ብረት ተመልሶ አይመጣም። ብሎኩ ብረት በልክ ወደሚላጭበት ሬቲፊካ ቤት ገብቶ ሲሊንደሮቹ የተጫሩበት እስኪጠፋ ይሰፋሉ፤ የዚህኛው 0.50 ሚሊሜትር ሰፋ። ከዚያ ለሰፋው ልክ የሚሆን ወፍራም ፒስተን ይገዛለታል። ክራንክሻፍቱ በተቃራኒው ይቀጥናል፤ የእሱ 0.25 ሚሊሜትር ተላጨ፣ ለቀጠነውም ወፈር ያለ ብሮንዝ ተገኘለት። ጉዳቱ ተለክቶ፣ በልኩ የሚገጥም ነገር ይሠራለታል እንጂ ጉዳቱ አልደረሰም አይባልም። ታላቁ «እንደ አዲስ ይሆናል?» ብሎ ሲጠይቅ መካኒኩ «እንደ አዲስ አይሆንም፤ ይሠራል» ያለው ይህንን ነው። ይህች መልስ ለሞተር ብቻ የተነገረች አልመሰለኝም።

ብሎኩንና ክራንክሻፍቱን አዲስ አበባ ይዞ የሄደው ታላቁ ነው። ሬቲፊካው እስኪያልቅ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፣ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ከረመ። ፒስተኑና ብሮንዙ ብዙ አስከፈሉት። የራዲያተሩ ክዳን ከገዛው ሁሉ ርካሹ ነበር። ክዳኑን ለብቻው በኪሱ ይዞት መጣ።

እህቲቱ ቫልቮላ ተሰጣት። ሞተሩ 12 ቫልቮላ አለው። እያንዳንዱን ከመቀመጫው ጋር አሸዋ ባለው ግራሶ እያሹ መፍጨት ያስፈልጋል፤ በመዳፍ መካከል እንጨቱን ወዲያና ወዲህ እያሽከረከሩ፣ አልፎ አልፎ እያነሱና እያዞሩ፣ ዙሪያውን እኩል የሆነ ግራጫ ቀለበት እስኪታይ ድረስ። ሲያልቅ ቴስታታው ይገለበጥና ቤንዚን ይፈስበታል። ቤንዚኑ ከሥሩ ካላለፈ ተዘግቷል፤ ካለፈ እንደገና። 7ኛው አስቸገራት። ሦስቴ አፈሰሰችበት፣ ሦስቴም አንጠበጠበ። በነጋታው መዳፏ ውሃ ቋጥሮ መጣች፣ እሱኑ ቀጠለች። በአራተኛው ቤንዚኑ ቆመ። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አየና «ይኸውልሽ» አለ፤ ሌላ አላለም።

ታናሹ ክራንክሻፍቱን ገጠመ። በዚህ ሞተር ክራንክሻፍቱን የሚሸከሙ 4 ቋሚ መቀመጫዎች አሉ፤ የእያንዳንዱ ክዳን ቁጥር አለው፣ ወደ ፊት የሚያመለክት ቀስትም አለው። መልካቸው አንድ ነው። ግን ከብሎኩ ጋር አብረው የተፈተሉ ስለሆኑ አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ ክራንክሻፍቱ ይያዛል። ታናሹ አንዱን ባሰረ ቁጥር ክራንክሻፍቱን በእጁ ያዞረዋል፤ ሲዞር ወደሚቀጥለው ያልፋል። ቴስታታውም ሲጫን ብሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር፣ በየተራ፣ ጥቂት ጥቂት እየተባሉ ጠበቁ። ታላቁ ወንድም አንዱን እስከ መጨረሻ ሊያጠብቅ ሲል መካኒኩ እጁን ያዘው። አንዱ ብቻ ከጠበቀ ቴስታታው በዚያ በኩል ይጣመማል፤ ያው ጓርኒሲዮን መልሶ ይቃጠላል።

ስለ ላሜራው ብዙ የሚወራ የለም። የጋቢናው ወለል ተበልቶ ነበር፣ ባትላሜራው ቀየረው፤ ፓራፋንጎው ተስተካከለ፤ ቀለሙ ያው የድሮው ሆነ። አየር ማጣሪያው ከቤት መጥቶ በአዲስ ማሰሪያ ተሰቀለ፤ ተርሞስታቱም ከስንት ዘመን በኋላ ቦታው ገባ። ወደ 8 ሊትር የሚጠጋ ንጹሕ ዘይት ተሞላ። የካንዴላው ገመድ በቅደም ተከተሉ፣ 1-5-3-6-2-4፣ ተሰካ። ሞተሩ መጀመሪያ አስነጠሰ፤ ሁለተኛ ሲሞከር ተነሳ።

መካኒኩ ግን ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«ዘይቱን የሚያየው ማን ነው?» አለ።

«ሁላችንም እናያለን፣ ጋሼ» አለች እህቲቱ።

«እስካሁንስ የሁላችሁም አልነበረች? አንድ ስም ስጡኝ።»

ጭቅጭቁ እስከ ማምሻው ቆየ። ታላቁ ሥራ ይበዛብኛል አለ። እህቲቱ መንገድ ላይ ነኝ አለች። ሁለቱም ወደ ታናሹ ዞሩ። ታናሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ተናገረ።

«እሺ፣ እኔ ልያዝ። ግን ወንድም ጋሼ፣ እትዬ፣ ስሜን ያጠፋችሁት እዚህ ጋራዥ ውስጥ አይደለም። በሰንበቴው ፊት ነው። እዚያው ፊት መልሱልኝ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ዘይቷ ካልታየ ማንም አያስነሳትም፤ እኔም ጭምር።»

ታላቁ ወንድም መልስ አልሰጠም። በቀጣዩ እሑድ ግን ሰንበቴው ሲቀመጥ ተነሳ። የተቃጠለውን ጓርኒሲዮን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ ነበር። አወጣና ለሰው ሁሉ አሳየው። «መኪናዋን የገደልናት ብዙ ሆነን ነው» አለ፤ «የኔ ድርሻ ይኸው። ታናሼን በእናንተ ፊት የወቀስኩት ያለ አግባብ ነው፤ በእናንተ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።» ታናሹ ተነስቶ ጉልበቱን ሊስም ሲል ታላቁ ቀደመው። እህቲቱ ያን ቀን አልመጣችም። እንጀራና ወጥ ልካለች። ራሷ የመጣችው ሁለት ሳምንት ቆይታ ነው፤ እሷም ተናገረች፣ አሳጥራ።

የታደሰ ሞተር ወዲያው ጭነት አይወድም። አዲሱ ፋሻ ከአዲሱ ግድግዳ ጋር እስኪተዋወቅ ድረስ የመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር በቀስታ፣ ያለ ከባድ ጭነት፣ ፍጥነትን እየቀያየሩ መነዳት አለበት። ወሩ ጥር ነበር፤ ጤፍ ተወቅቶ ገበያው የደመቀበት ጊዜ። እህቲቱ እህሏ መጋዘን ሞልቶ መኪናዋን ባዶ ስትመላለስ ማየት አንገበገባት። ለመነች፣ ተቆጣች። ታናሹ አልሰጣትም። አይሱዙ ተከራይታ አስጫነች፤ ኪራዩ ከትርፏ ላይ ወጣ።

ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የቴስታታው ብሎኖች እንደገና ጠበቁ። የቫልቮላው ክፍተት ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.35 ሚሊሜትር ላይ ተስተካከለ። 1,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዘይቱ ተለወጠ። በየካቲት መኪናዋ 8 ኩንታል ጤፍ ጭና አባይን ወረደች፣ ጎሐ ጽዮንንም ሳትፈላ ወጣች። ቁልፉ ዛሬም ከታናሹ ዘንድ ነው። ዘንጉን መዝዞ ሳያይ ለማንም አይሰጥም፤ ለወንድሙም ቢሆን።